ወረታ ሜዳ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ትልልቅ ወፎች መሀል ቆሜ ነበር፤ ምን እንደሆኑ የሚያውቅ አለ?

የቀበና_ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን የድሮ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ ስፈትሽ አንድ የድምፅ ቅጂ አገኘሁ። አርባ ሰከንድ ነው። ስከፍተው ያ ጠዋት እንዳለ ተመለሰልኝ። እስከዛሬ ለማንም በደንብ አልተናገርኩትም፤ ዛሬ ልጻፈው።

በ2011 ዓ.ም. ለጥምቀት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር እየሄድን ነበር። ሚኒባሱ ወረታ ላይ ተበላሸ። መሽቷል። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ "አጎቴ እዚሁ ቅርብ ናቸው፣ እሳቸው ጋ እንደር" አለኝ። ሄድን። እግራችንን አስታጠቡን፣ እራት በላን፣ ተኛን።

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አጎትየው ጋቢያቸውን ደርበው ሲወጡ ነቃሁ። "ወዴት ነው?" ስላቸው "ሽምብራ ልጠብቅ" አሉኝ። እንቅልፌ ስለሄደ ተከተልኳቸው።

ጭጋጉ ከባድ ነበር። ሩዙ ታጭዶ ተነስቷል። መሬቱ ከላይ የደረቀ ይመስላል፤ ሲረግጡት ግን ጫማ ይይዛል። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩ። ጭቃው አጥንት ድረስ ይቀዘቅዛል። አጎትየው ማማቸው ላይ ወጡ። እኔ ወደ ውሃው ትንሽ ልጠጋ ብዬ ቀጠልኩ። ዞር ስል ማማው የለም። ጭጋጉ ውጦታል።

መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነው። "ክሩ... ክሩ..." ይላል። ጥሩንባ ይመስላል፤ ግን ይንቀጠቀጣል። ከጎን ሌላው መለሰ። ከኋላዬም ሌላ። ፊት ለፊቴ የአጥር እንጨት የመሰሉኝ ነገሮች ተደርድረው ነበር። አንዱ እንጨት አንገቱን አዞረ።

ደርቄ ቀረሁ። ቀስ እያለ ሲነጋ አንዱ አሥር ሆነ፣ አሥሩ መቶ ሆነ፣ ከዚያ በኋላ ለመቁጠር አልሞከርኩም። ግራጫ ናቸው። ቁመታቸው እስከ ደረቴ ይደርሳል። አንገታቸው ጥቁር ሆኖ ከዓይናቸው ጀርባ ነጭ መስመር ይወርዳል። አናታቸው ላይ ትንሽ ቀይ አለች። ከኋላቸው ደግሞ እንደ ቀሚስ ዘርፍ የተንዘረፈፈ ላባ አላቸው።

ሦስቱ ወደ እኔ መጡ። ሁለቱ ትልልቅ፣ አንዱ ራሱ እንደ ሸክላ ቡናማ የሆነ። ቢበዛ አሥር እርምጃ ነው መሀላችን ያለው። ቡናማው የወደቀ ሩዝ ይለቅማል። ከሁለቱ ትልልቆች አንዱ ሲያጎነብስ ሌላው ቀና ይላል። ሁለቱም አብረው ሲያጎነብሱ አንድም ጊዜ አላየሁም። ቀና ያለው አየኝ። ዓይኑ ቀላ ያለ ነው። አየኝ፣ አየኝ፣ ከዚያ መልሶ መልቀም ጀመረ። ያቺን ቅጽበት ምን ብዬ እንደምገልጻት አላውቅም። እንዳመነኝ ነው የተሰማኝ።

አጎትየው ከማማው ላይ ጅራፋቸውን አጮሁ። ሜዳው ሁሉ ተነሳ። ሮጥ ሮጥ ብለው ነው የሚነሱት። ክንፋቸው ሲዘረጋ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ነፋሱ ፊቴን መታኝ፤ ከእግራቸው የረገፈው ውሃ ጋቢዬን አረጠበው። ስልኬን ያወጣሁት ያኔ ነው። የቀዳሁት የመጨረሻውን ብቻ ነው።

ምን ዓይነት ወፎች ናቸው? ከየት ነው የሚመጡት? ደግሞ እንደዚያ መጠጋቴ ጥፋት ነበር እንዴ?

ሐረግ_ባሕርዳር

ሳነበው ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። እኔ ባሕር ዳር ተወልጄ ጣናን ስጠጣ ኖሬ ይህን አላየሁም። እባክህ ድምፁን ጫንልን።

የቀበና_ልጅ

እጭነዋለሁ እህቴ። ማታ ኢንተርኔቱ ሲሻል።

ወፍ_ተመልካች

ወንድሜ፣ ያየኸው በትክክል ታውቋል። አናቱ ላይ ያለችው ቀይ፣ ከዓይን ጀርባ የሚወርደው ነጭ፣ የተንዘረፈፈው ላባ፣ ሁሉም የግራጫው ክሬን ምልክት ነው። ያቺ ቀይ ደግሞ ላባ አይደለችም፤ ቆዳ ናት። በነገራችን ላይ የሕንፃ መሥሪያው ክሬን ስሙን ያገኘው ከዚህ ወፍ ነው፣ በአንገቱ ምክንያት።

የሚራቡት በሰሜን አውሮፓና በሩሲያ ረግረጎች ነው። ብርዱ ሲመጣ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ሁሉም እኛ ጋ አይመጣም፤ በምዕራብ በኩል ያሉት ወደ ስፔን ይሄዳሉ። በምሥራቅ በኩል ያሉት ግን በጥቁር ባሕር፣ በቱርክ፣ በእስራኤል አድርገው ከፊሎቹ ኢትዮጵያ ይደርሳሉ። ፊንላንድና ኢስቶኒያ ውስጥ በሳተላይት መከታተያ የታሰረባቸው እዚህ ከርመው ተመልሰዋል። ከጥቅምት ጀምሮ ይገባሉ፣ ከየካቲት በኋላ ይወጣሉ። አንተ ያገኘሃቸው የአገራቸው ብርድ ወራት መሀል ላይ ነው።

ለምን ውሃው ዳር አገኘኋቸው ካልክ፣ ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ነው የሚያድሩት። ጅብ ወይም ቀበሮ ሲመጣ ውሃው ይንቦጫረቃል፣ ይነቃሉ። ጎህ ሲቀድ ወደ ማሳ ይወጣሉ። አንተ በጭጋግ ተሸፍነህ መኝታቸውና ገበታቸው መሀል ገብተህ ቆመሃል። ብዙ ወፍ ተመልካች ቴሌስኮፕ ይዞ እንኳ እንደዚህ አይጠጋም።

ጥፋት ነበር ወይ ላልከው፣ ቆመህ ስለቀረህ አልበደልካቸውም። የሚጎዳቸው ደጋግሞ ማስነሳት ነው። አንድ ወፍ እስከ አምስትና ስድስት ኪሎ ይመዝናል። ያን ክብደት ከመሬት ለማንሳት ብዙ ጉልበት ያወጣል፤ ያ ጉልበት ደግሞ ለመመለሻው የተቀመጠ ስንቅ ነው።

ጎንደሬው

እኛ ጋ እኮ ሽመላ ነው የምንለው። ክሬን ምን አመጣው?

ወፍ_ተመልካች

ልክ ነህ ወንድሜ፣ ሕዝቡ ሽመላ ይለዋል፣ ስህተትም አይደለም። ችግሩ ሽመላ ስንል ሁለት የተለያዩ ወፎችን ነው የምንጠራው። አንዱ ነጭ ሆኖ ክንፉ ጥቁር፣ ምንቃሩ ቀይ የሆነው ነው። እሱም ከአውሮፓ ነው የሚመጣው። እሱ ግን አይጮህም፤ ምንቃሩን ብቻ ያንቋቋል። ዛፍ ላይም ያርፋል። ግራጫው ዛፍ ላይ አያርፍም፣ ድምፁም ከሩቅ ይሰማል። የትንፋሽ ቧንቧው ከአንገቱ ይረዝማል፤ ትርፉ ደረት አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ተጠምዝዟል። ወንድማችን "ይንቀጠቀጣል" ያለው ድምፅ የሚወጣው ከዚያ ነው። ከእንግዲህ እኔም ግራጫው ሽመላ እላለሁ።

ጎንደሬው

አሁን ገባኝ። አመሰግናለሁ። ዘውድ ያለውስ? ጣና ዳር እሱንም አይቻለሁ።

ወፍ_ተመልካች

እሱ የአገር ልጅ ነው። ወርቃማ ዘውድ የደፋው ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው። ጉንጩ ሥር ሥጋ የሚንጠለጠልበትም አለ፣ ባሌ ላይ ይገኛል፣ እሱም ነዋሪ ነው። እንግዳው ግራጫው ነው።

የርብ_ዳር

እኔ ፎገራ ነው ተወልጄ ያደግሁት። አሁን ግብርና ላይ ነው የምሠራው። ጽሑፉን ወድጄዋለሁ፣ ከልቤ። ግን ከማማው ላይ ሆኖ የሚታየውን ደግሞ እኔ ልናገር።

እኛ ጋ በክረምት ሩዝ ነው። ኤክስ ጅግና የምንለውን ዘር የማያውቅ ገበሬ የለም። ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ዝናብ አይጠብቅም፤ መሬቱ የያዘውን ጠጥቶ ነው የሚያድገው። ሽመላው የሚደርሰው ልክ ሽምብራው ሲበቅል ነው። ቡቃያውን ነቅሎ ሥሩ ያለችውን ፍሬ ይበላል። ጥር ላይ ደግሞ እሸቱን ይበላል። አምስት መቶ ወፍ ግማሽ ቀን አንድ ማሳ ላይ ከዋለ የሚተርፍ ነገር የለም።

ስለዚህ ማማ ይሠራል። ማማው ላይ ማን ይወጣል? ልጅ። እኔ ከአራተኛ እስከ ሰባተኛ ክፍል ኅዳርና ታኅሣሥን በግማሽ ቀን ነው የተማርኩት። በወንጭፍና በጅራፍ እናባርራለን። ከእኛ ማሳ ተነስቶ የጎረቤት ማሳ ላይ ያርፋል። ከዚያ የጎረቤት ልጅ ወደ እኛ ይልከዋል። እንዲህ ሆኖ ይመሻል።

ግን ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ። ብዙውን ጊዜ የሚለቅመው ቃርሚያ ነው። ከአጨዳ የወደቀ ሩዝ፣ ትልና አንበጣ። አባቴ "ቃርሚያ የድሃ ነው፣ ለወፍም ይተርፈዋል" ይል ነበር። የሚናደደው ሽምብራው ውስጥ ሲገቡ ብቻ ነው። እናቴ ግን ልትወጣ ስትል ድምፃቸውን ከሰማች ቆም ብላ ቀና ትል ነበር። "መጡ" ትላለች። ሌላ ምንም አትልም።

የቀበና_ልጅ

የርብ ዳር፣ ይህን ስለጻፍክልኝ በጣም ነው የማመሰግንህ። አጎትየው ያን ጅራፍ ሲያጮሁ ውስጤ ቅር ብሎኝ ነበር፤ እንዲህ አልገባኝም ነበር። ኋላ ላይ የተበላውን ጥግ አሳይተውኝ ነበር። ሁለት ሦስት መደብ ያህል ባዶ ነበር። አልተቆጡም። "እነሱም መንገደኛ ናቸው" ብቻ ነው ያሉኝ።

ሐረግ_ባሕርዳር

የርብ ዳር፣ ሸሸርና ወለላ የሚባሉት ረግረጎች እናንተ ጋ አይደሉም? ምን ላይ ናቸው?

የርብ_ዳር

አዎ እህቴ፣ እኛው ጋ ናቸው። ሸሸር በልጅነቴ ከክረምት በኋላ እስከ በጋ ውሃ ይዞ ይቆይ ነበር። ዓሣ አጥምጄበታለሁ። ከብቶቻችን እዚያ ነበር የሚውሉት። አሁን ውሃው ገና ሳይጎድል ሞተር ፓምፕ ይተከላል፣ ይጠጣል፣ ዳሩ ይታረሳል፣ ሩዝና ሽንኩርት ይገባበታል። አራሹን አልፈርድበትም፤ መሬት ጠቧል፣ ልጅ በዝቷል። ግን ወፉ የሚያድርበት ውሃ ሲጠፋ ወፉ አይጠፋም፣ ተሰብስቦ የቀረችው ኩሬ አጠገብ ያርፋል። ያኔ የዚያ ሰፈር ሽምብራ ያልቅለታል። ረግረጉ ሰፊ በነበረ ጊዜ ጉዳቱ ተበትኖ ነበር፤ አሁን ጥቂት ሰው ላይ ወደቀ።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ ሲመዘገብ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁንም ደስ ይለኛል። ሽምብራው የተበላበት ሰው ግን ከዚያ ምዝገባ ምን እንዳገኘ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም።

የሐይቅ_ዳር_ዝዋይ

እኛ ዝዋይ ጋ ፔሊካኖቹ ናቸው። ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶ ሲያጸዱ እግር ሥር ይመጣሉ። ልጄን ይዤ ሄጄ አንዱ ክንፉን ሲዘረጋ ከእኔ ኋላ ተደበቀች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ወጥታ ረጅም ሰዓት አየችው። እስከዛሬ ትስለዋለች።

ብርቱካን_ሰሜን_እስራኤል

ይህን ሳነብ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

እናቴ ከደምቢያ ናት። ወደዚህ የመጣነው እኔ ልጅ ሆኜ ነው። እዚህ ሰሜን ውስጥ ሁላ የሚባል ሸለቆ አለ። ድሮ ሐይቅ ነበር። በ1950ዎቹ ለእርሻ ብለው አደረቁት። አፈሩ ተበላሸ፣ ራሱን በራሱ እስከ መቃጠል ደረሰ። በ1994 ከፊሉን መልሰው ውሃ ሞሉት። (ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ውሃው ሲመለስ ወፉ መጣ። አሁን በየዓመቱ በብርዱ ወራት ግራጫዎቹ በአስር ሺህ ይሰበሰባሉ። በዕብራይስጥ አጉር ይባላሉ።

አንድ ታኅሣሥ እናቴን ይዣት ሄድኩ። ትራክተር የሚጎትተው ትልቅ ጋሪ አለ፤ ሰው ተቀምጦበት መሀላቸው ድረስ ይገባል። ወፎቹ ትራክተሩን ለምደውታል፣ አይሸሹም። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ዝም ብላ ተቀምጣለች። ድምፃቸውን ስትሰማ እጄን ያዘችኝ። "እነዚህን እኮ አውቃቸዋለሁ" አለች። "ሽምብራችንን የሚበሉት ናቸው።"

ልጅ ሆና ማማ ላይ ትወጣ እንደነበር ያኔ ነው የነገረችኝ። በአርባ ዓመቴ! ጅራፍ እንዴት እንደሚጮህ፣ እግሯን ለማሞቅ ገለባ ውስጥ እንዴት እንደምትቀብረው፣ ታናሽ ወንድሟ እንቅልፍ ሲወስደው በገመድ ከራሷ ጋር እንደምታስረው። ሰላሳ ዓመት አብረን ስንኖር አንዱንም አልነገረችኝም። ወፎቹ ናቸው ያስወሩልኝ።

ከዚያ ሌላ ትራክተር መጥቶ በቆሎ አፈሰሰላቸው። እዚህ ገበሬው ኦቾሎኒውን እንዳይበሉበት ሌላ ቦታ ላይ በቆሎ ይሰጧቸዋል፣ እዚያው እንዲውሉ። ስነግራት እናቴ ደነገጠች። "እኛ በጅራፍ፣ እነዚህ በስፍር?" አለች። ከዚያ ቆይታ "ጥሩ ነው። ልጅ አይበርደውም" አለች።

የርብ_ዳር

እህቴ ብርቱካን፣ ለእናትሽ ሰላምታ አድርሺልኝ። ወንድምን በገመድ ማሰሩን እኛም አድርገነዋል።

በቆሎው እኛ ጋ ቢመጣ ብዬ አሰብኩ። ማን ይሰፍራል? መንግሥት? ጎብኚው? ጎብኚ በመኪና ይመጣል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። እኔ የምመኘው ወፉ የሚውልበት ማሳ ባለቤት ከጎብኚው የሆነ ነገር እንዲያገኝ ነው። የዚያ ቀን አጎትየው ማማቸውን ለወፍ ማያ ቢያከራዩ የሽምብራውን ዋጋ ያገኙ ነበር።

ወፍ_ተመልካች

ሐሳብህን እደግፋለሁ። በቆሎው ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ምግብ ሲሰጣቸው ብዙዎቹ እዚያው ይቀራሉ፣ ወደ ታች አይወርዱም፣ አንድ ቦታ ላይም ይታጨቃሉ። በ2021 መጨረሻ በፈረንጆቹ፣ ሁላ ላይ የወፍ ጉንፋን ገብቶ ከአምስት ሺህ በላይ ሽመላ ሞቷል። ሬሳውን ከውሃው ውስጥ ሠራተኞች በእጃቸው ሲያወጡ ያየሁትን ምስል አልረሳውም። ስለዚህ ለእኛ የሚሻለው ስፍር ሳይሆን ሰፊ ረግረግ ነው፤ ተበትነው የሚያድሩበት።

ብርቱካን_ሰሜን_እስራኤል

እውነት ነው። ያን ዓመት ቦታው ተዘግቶ ነበር። እናቴ "ወፎቹስ እንዴት ሆኑ?" እያለች ትጠይቀኝ ነበር። የሞቱትን ቁጥር አልነገርኳትም።

ሆራ_ሰፈር

ቢሾፍቱ ጨለለቃ ላይም ያድራሉ። ታኅሣሥ ላይ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ በቤታችን ላይ ያልፋሉ። ልጆቼ ምግባቸውን ትተው ይወጣሉ።

ከሰሜን_ፊንላንድ

እኔ እዚህ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በሌላው በኩል ያለውን ልጨምር።

እዚህ ኩርኪ ነው ስሙ። መስከረም ላይ ገብስ የታጨደበት ማሳ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ልክ እናንተ እንዳላችሁት ቃርሚያ ላይ። ከዚያ አንድ ቀን ሰማዩ ይጠራል፣ ከሰሜን ነፋስ ይነሳል፣ ይሄዳሉ። ሰው ከሥራው ወጥቶ ቀና ብሎ ያያል። በሰልፍ ሲበሩ የሚሠሩትን ቅርጽ ፊንላንዶች የሽመላ ማረሻ ይሉታል። ይህን ቃል መጀመሪያ ስሰማ አያቴ ሞፈር ተሸክመው ከማሳ ሲመለሱ ነው የታዩኝ።

ሲሄዱ ሁልጊዜ ይከፋኝ ነበር። ቀጥሎ ጨለማው ነው የሚመጣው። ከእነሱ ውስጥ ጣና የሚደርስ እንዳለ አላውቅም ነበር። ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው! በሚመጣው መስከረም ሳያቸው እንደ ድሮው አይሆንብኝም።

የቀበና ልጅ፣ አንድ ጥያቄ። እግራቸው ላይ ባለቀለም ቀለበት አላየህም? እዚህ አጥኚዎች ያስራሉ። በአንዱ እግር ያለው አገሩን፣ በሌላው ያለው ወፉን ራሱን ይለያል።

የቀበና_ልጅ

እግራቸው ሣርና ውሃ ውስጥ ነበር፣ አላየሁም። ባየሁ ኖሮ!

ድምፁን አሁን ጭኜዋለሁ። መጀመሪያ ላይ የሚሰማው የክንፍ ነው። "ኧረ ተመለስ!" የሚለው አጎትየው ናቸው።

ሐረግ_ባሕርዳር

ሰማሁት። ሦስት ጊዜ።

ወፍ_ተመልካች

እኔም ሰማሁት፣ በጆሮ ማዳመጫ። 22ኛው ሰከንድ አካባቢ ከትልልቆቹ ጩኸት ሥር አንድ ቀጭን ፉጨት አለ። "ፒርር፣ ፒርር" ይላል። አግኝተኸዋል?

ያ ራሱ ቡናማ የነበረው ነው ወይም መሰሉ። ጫጩት ነው። ቁመቱ ወላጆቹን አክሏል፣ ድምፁ ግን ገና አልተለወጠም። በግንቦት ወይም በሰኔ ነው ከእንቁላል የወጣው። መንገዱን ብቻውን አያውቀውም፤ እናትና አባቱ መሀል ሆኖ ነው የበረረው፣ መጀመሪያው ጉዞው ነው። በረራ ላይ እንዳይጠፋፉ ያንን ድምፅ ያሰማል፣ እነሱም ይመልሱለታል። አንዱ ሲበላ ሌላው ቀና የሚለው ያልከውም ለእሱ ነው።

የቀበና_ልጅ

አሁን የጆሮ ማዳመጫ ከጎረቤት ተውሼ ሰማሁት። አለ። 22ኛው ላይ አንድ ጊዜ፣ 25ኛው ላይ ደግሞ። ከዚያ ትልቁ በጣም ቀርቦ "ክሩ" ይላል፤ ከዚያ በኋላ ፉጨቱ ከእሱ ጋር አብሮ እየራቀ ይሄዳል።

ለአጎትየው ነገ ደውዬ አሰማቸዋለሁ።